የዛለ ክንድን ለማስነሣት፦ ስለ ነርቭ ዝውውር ቀዶ ሕክምና ለታካሚና ለአስታማሚ የተዘጋጀ መመሪያ

ከሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከሞተር ሳይክሉ ጋር የወደቀ አንድ ወጣት ደሴ ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲመጣ ቁስሉ ጠግጎ፣ ጠባሳው ደርቆ፣ ጣቶቹም እንደልብ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ክርኑን ማጠፍና ክንዱን ከጎኑ ማንሣት ግን ፈጽሞ አይችልም። ምን እንደተባለ ስጠይቀው ‹‹አብሽር፣ ቀስ እያለ ይመለሳል ብለውኛል›› አለኝ። ከወደቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቱ ‹‹ከአረፋ በፊት ነው›› ብለው በጣታቸው ቆጥረው አምስተኛ ወሩን እንደያዘ ነገሩኝ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ ‹‹ቀስ እያለ›› የሚባለው ነገር እስከ የት ድረስ እውነት እንደሆነና ከየት ጀምሮ ጊዜ እንደሚያቃጥል ለማስረዳት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጉዳቱን ቀን በአንድ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ የሚሰላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ጊዜው ለምን ይቆጠራል

በአካባቢያችን እጅ ሲዝል ‹‹ጅማቱ ተበጥሶ ነው›› ወይም ‹‹ሥሩ ሞቶ ነው›› ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ነገሮቹን መለየት ግድ ይላል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል፤ የደም ሥር ደም ያመላልሳል፤ ነርቭ ደግሞ ከአንጎል በአከርካሪ በኩል የሚወርደውን ትእዛዝ ለጡንቻ ያደርሳል፣ ከቆዳ የሚነሣውንም ስሜት ወደ ላይ ይወስዳል። ነርቭ በውስጡ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች የያዘ ገመድ ነው። ሲቆረጥ ከተቆረጠበት በታች ያለው የክሮቹ ክፍል ይፈርሳል፤ ይህንንም እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 ገልጾታል። ከተቆረጠበት በላይ ያለው ግን ሕይወት አለውና መንገድ ካገኘ እንደገና ወደ ታች ያድጋል፤ ፍጥነቱም በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ችግሩ ያለው ጡንቻው ዘንድ ነው። ትእዛዝ የተቋረጠበት ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል፤ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነርቭ ካልደረሰለት ደግሞ ሥጋው በስብና በጠባሳ እየተተካ፣ ነርቩን የሚቀበልበት ቦታም እየጠፋ ይሄዳል። እስኪ እናስላው፦ አንገት ሥር የተበጠሰ ነርቭ በመዳፍ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ለመድረስ 70 ሴንቲ ሜትር ቢቀረው፣ የሚያስፈልገው 700 ቀን ወይም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ነርቩ አንድም ቀን ሳያርፍ ቢያድግ እንኳ የሚደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ማለት ነው።

የነርቭ ዝውውር ይህን ርቀት ለማሳጠር የተገኘ መላ ነው። ሐኪሙ የተጎዳውን ቦታ ትቶ ወደ ዛለው ጡንቻ ይጠጋል፤ በአቅራቢያው ከሚያልፍ ጤነኛ ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ ወይም ጥቂት ክሮች ቆርጦ፣ ጡንቻው ደጃፍ ላይ ካለው ሥራ ፈት ነርቭ ጋር ይሰፋዋል። የሠፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር እንደመሳብ ያለ ነው፤ ጎረቤትየው ራሱ ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር ግን ትርፍ መስመር ያለው መሆን አለበት። 70 ሴንቲ ሜትር የነበረው ጉዞ በዚህ መንገድ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያም ባነሰ ርቀት ይተካል፤ ሁለት ዓመት የነበረው ጥበቃም በወራት ይቆጠራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኸርበርት ሴደን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ ነርቩ ሳይቆረጥ ለጊዜው የደነገጠበት፣ የውስጥ ክሮቹ ተበጥሰው ሽፋኑ ያልተቆረጠበት፣ እንዲሁም ገመዱ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰበት። የመጀመሪያው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ራሱ ይመለሳል፤ ሁለተኛው በቀን በ1 ሚሊ ሜትር ስሌት ይመጣል፤ ሦስተኛው ካለ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ፈተናው ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን አንድ መስለው መታየታቸው ነው።

መለያው የጉዳቱ ዓይነት ነው። በመስተዋት፣ በቢላዋ፣ በማጭድ ወይም በገጀራ ተቆርጦ ከቁስሉ በታች የደነዘዘ ወይም የዛለ እጅ ካለ፣ ነርቩ ተቆርጧል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ መጠበቅ አይገባም። ቁስሉን የሚሰፋውን ባለሙያ ‹‹ነርቩስ?›› ብለው በዚያው ሰዓት ይጠይቁ፤ ሁለቱ ጫፎች በቀናት ውስጥ ተፈልገው በቀጥታ ከተሰፉ ዝውውር ላያስፈልግ ይችላል። ከሞተር ሳይክል መውደቅ፣ የአጥንት ስብራት ወይም የጥይት ጉዳት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ የጥይትና የፍንጣሪ ጉዳት ለክፍላችን እንግዳ አይደለም፤ ጥይት በአጠገቡ ያለፈበት ነርቭ ብዙ ጊዜ ሳይቆረጥ የሚደነግጥ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ‹‹እንጠብቅ›› ቢል ትክክል ነው። ነገር ግን መጠበቅ ማለት እየመረመሩ መጠበቅ እንጂ ቤት ገብቶ መርሳት አይደለም።

እየመረመሩ መጠበቅ እንዲህ ነው። በየወሩ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት ቁጥር፣ ታካሚው ክንዱን ከትከሻው እንዲያነሣ፣ ክርኑን እንዲያጥፍ፣ የእጁን አንጓ ወደ ላይ እንዲያቀና፣ በአውራና በጠቋሚ ጣቱ ክብ ቀለበት እንዲሠራ፣ ጣቶቹን በትኖ እንዲገጥምና በሁለት ጣቶቹ መካከል ወረቀት እንዲይዝ ያድርጉት፤ ጉዳቱ እግር ላይ ከሆነ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ያንሣ። ሁሉንም በስልክ ይቅረጹት። የቻለውና ያልቻለው እኩል ጠቃሚ ነው፤ ያልቻለው የዛለውን ነርቭ ሲያሳይ፣ የቻለው ደግሞ በኋላ አበዳሪ ሊሆን የሚችለውን ነርቭ ያሳያልና። ባለሙያ በነርቩ መስመር ላይ በጣቱ ቀስ ብሎ ሲመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርበት ቦታ ካለ በደብተሩ ላይ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ይህን ምልክት ፈረንሳዊው ጁል ቲኔል እ.ኤ.አ. በ1915 ገልጾታል። ንዝረቱ በየወሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ከወረደ ነርቩ በማደግ ላይ ነው፤ ባለበት ከቆመ ግን ዝም አይባልም።

የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ሐኪሞች ኢ.ኤም.ጂ. የሚሉት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሠራ ያሳስታል፤ ምልክቱ በጡንቻው ላይ እስኪወጣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይፈጃልና። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ እንደገና ቢሠራ ለማነጻጸር ይመቻል። ማሽኑ ባይገኝ ደግሞ በየወሩ የተቀረጸው ቪዲዮና በእጅ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ይናገራሉ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። እሽታ ነርቭን አይቀጥልም፤ ይህን የምለው ወጌሻን ለማሳነስ አይደለም፣ ማንም እጅ ከውጭ አሽቶ ነርቭ ሊያገጣጥም ስለማይችል ነው። የከፋው ግን በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። የታሰረው እጅ ጣት ከገረጣ፣ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ሌላ ሰው ጣቱን ሲዘረጋለት የማይቻል ሕመም ከተሰማው፣ እስራቱ ወዲያውኑ ይፈታና ታካሚው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የሞተ ጡንቻ ደግሞ ምንም ነርቭ ቢዛወርለት አይነሣም።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንዳችም የመመለስ ምልክት ካልታየ፣ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጉዳይ ሆኗል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያለው ጊዜ የተሻለው ነው፤ እስከ ዘጠነኛው ወርም ይሠራል፤ ከዓመት በኋላ ተስፋው በጣም ይጠባል። ይህን ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ አሥረኛ ወሩን ያለፈ ታካሚ ጡንቻው እንዳይደክም ብዬ ለተጨማሪ ወራት ብቻዬን ሳሠራው ቆይቻለሁ። ስፖርት ነርቭ ያበቅል ይመስል። በመጨረሻ ሲላክ ለነርቭ ዝውውር ረፍዶበት ነበር።

ስለ ሪፈር

ዝውውር በአጉሊ መነጽር የሚሠራ፣ ሥልጠናና መሣሪያ የሚጠይቅ ሕክምና ስለሆነ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የሚነሣ ታካሚ ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል። የጤና መድኅን አባል ከሆኑ የሪፈር ሰንሰለቱን ሳይዘሉ ይሂዱ፤ ወረቀቱ ላይም ‹‹የእጅ መዛል›› ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፣ የጉዳቱ ቀን፣ የዛሉት እንቅስቃሴዎችና ‹‹ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ግምገማ›› የሚል ቃል እንዲኖርበት ሐኪምዎን በትሕትና ይጠይቁ። ካርድ ክፍል ወረፋ የሚያስይዘው ሰው ጉዳዩ በጊዜ የታጠረ መሆኑን የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው። ደብተሩን፣ ራጁን፣ የኢ.ኤም.ጂ. ውጤቱንና በስልክ ያለውን ቪዲዮ ይያዙ። ሐኪሙን ሲያገኙ ነርቩ ከየት እንደሚወሰድ፣ ያ ቦታ ምን እንደሚያጣና ዝውውሩ ባይሳካ ቀጥሎ ምን አማራጭ እንዳለ ሳይጠይቁ አይውጡ።

ቀዶ ሕክምናው

አበዳሪ የሚሆን ነርቭ ለጡንቻው ቅርብ፣ ትእዛዝ የሚያደርስ ክር የሚበዛበት፣ ራሱ ያልተጎዳና ቢቀነስለት እጁን ለከፋ ጉድለት የማይዳርግ መሆን አለበት። የአበዳሪውና የተበዳሪው ሥራ ቢቀራረብ ደግሞ በኋላ መማሩ ይቀላል።

ከሞተር ሳይክል የሚወድቅ ሰው ራሱ ወደ አንድ ወገን፣ ትከሻው ወደ ሌላው ሲሳብ ከአንገት ወደ ክንድ ከሚወርደው የነርቮች ጉንጉን የላይኞቹ ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ያኔ ትከሻና ክርን ይዝላሉ፣ መዳፍ ግን ይተርፋል። ያ ወጣት የደረሰበት ይኸው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ኦበርሊን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ዘዴ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ክርናችን ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ አልናር ይባላል፤ ሐኪሙ የላይኛውን ክንድ በውስጥ በኩል ከፍቶ ይህንን ነርቭ ያገኘዋል፣ ሽፋኑን ገልጦ በውስጡ ያሉትን ትንንሽ እስሮች በደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል አንድ በአንድ ይነካቸዋል። አንዱ ሲነካ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ያ ይተዋል። ሌላው ሲነካ አንጓው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የሚፈለገው ይኸኛው ነው፤ አንጓን የሚያጥፍ ሌላም ጡንቻ ስላለ ቢወሰድ ብዙ አይጎድልም። እሱ ተቆርጦ ክርን አጣፊው ጡንቻ፣ ባይሴፕስ፣ ውስጥ ከሚገባው ነርቭ ጋር ከጠጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል። በዚያው ቀን በአጠገቡ ወደ መዳፍ ከሚወርደው ሚዲያን ከሚባለው ነርቭ ሌላ እስር ወስዶ ከባይሴፕስ ሥር ላለው ለሁለተኛው ክርን አጣፊ መስጠትም የተለመደ ሆኗል።

ለትከሻ፣ ትከሻን ሽቅብ የሚሰቅለው ነርቭ ቅርንጫፍ ክንድን ከጎን ማንሣት ለሚጀምረው ጡንቻ ይሰጣል፤ የታይላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ዘዴ ደግሞ ክርንን ከሚዘረጋው ጡንቻ አንዱ ቅርንጫፍ ከጀርባ በኩል ወደ ትከሻው ጡንቻ ይዛወራል። አንጓው ለወደቀ እጅ ከሚዲያን ነርቭ ቅርንጫፎች አንጓንና ጣቶችን ወደሚያቀናው ራዲያል ወደሚባለው ነርቭ ይዛወራል። ጣቶቹ ለተቆለመሙ እጅ ከአንጓው በላይ ያለ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ለመዳፍ ትንንሽ ጡንቻዎች ይሰጣል። ጉንጉኑ በሙሉ ከአከርካሪው ሲነቀል አበዳሪ ስለሚጠፋ በጎድን አጥንቶች መካከል ወደሚሄዱት ነርቮች ይኬዳል። በእግር ላይ የሚገኘው ውጤት ግን እንደ ክንዱ አስተማማኝ አይደለም፤ ጫፉ ለተንጠለጠለ እግር የጅማት ዝውውርና ደጋፊ ጫማ ብዙ ጊዜ ይመረጣሉ።

ጊዜው ላለፈበትም በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የሚሠራን ጡንቻ ጅማት አንሥቶ የዛለውን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ፣ ማለትም የጅማት ዝውውር፣ የነርቩ ዓይነት የጊዜ ገደብ የለበትም፤ በሥጋ ደዌ የተቆለመሙ ጣቶች የሚቃኑት በዚህ መንገድ ነው፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀውን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን የሚያውቅ የወሎ ሰው ነርቭ ሲሞት እጅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የጥበቃው ወራት

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንዱ ለጥቂት ሳምንታት በማንጠልጠያ ያርፋል፤ ስንት ሳምንት እንደሆነ የሚወስነው የሰፋው ሐኪም ነው። ትንሿ ጣት ለተወሰነ ጊዜ ብትደነዝዝ ወይም ብትነዝር አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምንም የማይታይበት ረጅም ጊዜ ይመጣል፤ ታካሚዎች የሚጠፉብንም በዚህ ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ዋናው ሥራ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው፤ አስታማሚው ትከሻውን፣ ክርኑን፣ አንጓውንና እያንዳንዱን ጣት በቀን ሦስት ጊዜ ያህል በቀስታ፣ ሳያሳምም፣ እስከሚሄድበት ድረስ ያንቀሳቅስ። ትእዛዙ ሲደርስ ክርኑ ደርቆ ከጠበቀው ቀዶ ሕክምናው በከንቱ ይቀራል።

የደነዘዘ ቆዳ ደግሞ አይናገርም። ከከሰል ምድጃው አጠገብ፣ ከጀበናው ሥር፣ ከምጣዱ ዳር የተቃጠለ ጣት ብዙ አይተናል፤ የተቃጠለው ሰው የሚያውቀው ሲሸተው ነው። የመታጠቢያ ውሃ በጤነኛው እጅ ይለካ፤ ማታ ማታ መዳፉ ግልብጥብጥ ተደርጎ ይታይ። የደሴ ብርድ ነርቩ የተጎዳ እጅ ላይ ይበረታል፤ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ታካሚዎች ሐረጎን ሲያልፉ ሕመሙ እንደሚቀየር ይነግሩናል፤ የሱፍ ጓንት ርካሽ መድኃኒት ነው። የሚያቃጥልና የሚነዝር የነርቭ ሕመም በተለመደው ማስታገሻ እምብዛም አይታገስም፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ያሉ ለይተው የሚሠሩ መድኃኒቶች ስላሉ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ሲጋራ ግን ይቁም።

ክርን ማጠፍን እንደገና መማር

አሁን ክርን አጣፊው ጡንቻ የሚታዘዘው በፊት አንጓን ያጥፉ በነበሩ ክሮች ነው። አንጎል ግን ይህን ገና አልሰማም፤ ‹‹ክርን እጠፍ›› ሲል ትእዛዙ በተበጠሰው በድሮው መንገድ ሄዶ ይቀራል። ስለዚህ ታካሚው ክርኑን ማጠፍ ሲፈልግ እጁን ጨብጦ አንጓውን ወደ ውስጥ ማጠፍ አለበት። ነርቩ ከጎድን የመጣ ከሆነ በኃይል ይተነፍሳል ወይም ያስላል፤ ከትከሻ ሰቃዩ የመጣ ከሆነ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል። ሲያስል ክርኑ ብድግ የሚል ሰው ያየ ሰው ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ለወጣቱ ያደረግነው ይህን ነበር። ጠረጴዛውን ፓውደር ነስንሰን አለሰለስነው፤ ክንዱ የራሱን ክብደት መሸከም እንዳይኖርበት በጎኑ አስተኛነው፤ መዳፉ ውስጥ ሎሚ አስያዝነው። ሎሚዋን እየጨመቀ፣ አንጓውን እያጠፈ፣ በጤነኛው እጁም ያንኑ በአንድነት እየሠራ፣ በሐሳቡ ክርኑን ያጥፍ ነበር፤ አሥር ጊዜ ሠርቶ ያርፋል፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይመለስበታል። የደከመ ጡንቻ ስለማይማር አጭርና ተደጋጋሚ መሆኑ ይበልጣል። እናቱ ሁልጊዜ ሁለት ጣታቸውን ባይሴፕሱ ላይ ያሳርፋሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት እጃቸውን መንጭቀው አነሡና ‹‹ከቆዳው ሥር እንደ ሐይቅ ዓሣ ውልብ አለ›› አሉ። እኔ ስነካው አልነበረም። በማግስቱ ግን ነበር።

ያ ውልብታ ከአምስቱ የጡንቻ ደረጃዎች አንደኛው ነው። ክንዱ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ሲታጠፍ ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቁልቁል ከተንጠለጠለበት ወደ ላይ ሲታጠፍ ሦስተኛው፤ ክብደት ይዞ ሲታጠፍ አራተኛው ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ጉልበቱ ግን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ መጨመሩን ይቀጥላል። ሦስተኛው ሳይደርስ ክብደት አይያዝ። አምስተኛውን፣ ማለትም ልክ እንደ ቀድሞው መሆንን፣ ለማንም ቃል አልገባም፤ አራተኛው ራሱ ጉርሻ ወደ አፍ ያደርሳል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ዘንቢል ያንጠለጥላል።

የመጨረሻው ሥራ ሎሚዋን ማስተው ነው። አንጎል አዲሱን መንገድ ሲለምድ ሳይጨብጡ ማጠፍ ይቻላል፤ ግን ካልተለማመዱት ሰውየው ክርኑን ባጠፈ ቁጥር ያገኘውን ሲጨመድድ ይኖራል። ለዚህ የምንጠቀመው ጆሮ በሌላት ሲኒ ነው። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን፣ በሁለት ጣት ጫፍ ብቻ ይይዛትና ከጠረጴዛው ወደ ከንፈሩ ያመጣታል፤ አንጓው ወደ ውስጥ ሲሰበር ውሃው ደረቱ ላይ ይፈሳል፣ ስለዚህ መምህር አያስፈልገውም። ወጣቱ ሸሚዙ ሳይረጥብ ያደረሳት ዕለት እናቱ ቡና አፍልተው ይዘው መጥተው ነበር፤ ለእሱ የተቀዳችውን ግን እስክትበርድ አስጠበቅነው።